የማያረጅ መሣሪያ፣ ያረጀ ድምፅ
(በርሊን ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ወዳጆች ምሽት ላይ ለኢትዮጵያውያን ታዳሚዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን አስተኝታችሁ፣ ስድሳ ዓመት የሞላቸውን የሁለት እንግሊዛውያን ዘፈን ለማድመጥ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ስለ ሙዚቃ እንድናገር ሲጋብዙኝ ስለ ጥላሁን ወይም ስለ ሙላቱ የማወራ መስሏቸው ነበር። የመረጥኩትን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉና «እሺ፣ ቡናው ግን ከንግግሩ በፊት ይቅረብ» አሉኝ። ቡናው ጥሩ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የማወራላችሁ ዴፔሽ ሞድ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2023 ስላወጣው «ሜሜንቶ ሞሪ» ስለተሰኘው አልበም ነው። ስሙ ላቲን ሲሆን «ሟች መሆንህን አስታውስ» ማለት ነው። ባንዱ በ1980 ከተመሠረተ ወዲህ 15ኛው የስቱዲዮ አልበሙ ነው፤ 12 ዘፈኖች ይዟል፣ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዛሬ ሁሉንም አናደምጥም፤ አንዱን ብቻ፣ እርሱንም በመጨረሻ እናደምጣለን።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ የሚጫወት፣ በወጣትነቱ ወጣቶችን ያስጨፍር የነበረ ባንድ ሲያረጅ ምን ይሆናል? አዝማሪ ሲያረጅ ይከበራል። የማሲንቆው ጭራ ሲላላ፣ የተጫዋቹም ጣት ሲዘገይ፣ ሁለቱ አብረው ስለሚደክሙ አድማጭ ድካሙን እንደ ጥበብ ይቀበለዋል። ማሽኑ ግን አይደክምም። እና ማሽኑ ሳይደክም ሰውየው ሲደክም ምን እንሰማለን? ይህን ለመመለስ ሦስት ነገሮች አነሳለሁ፤ አንደኛው ስለ መሣሪያው፣ ሁለተኛው በአልበሙ ላይ ስለሌለው ሰው፣ ሦስተኛው ስለ ዘፈኖቹ ነው። ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ይህን ባንድ እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ። አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ድሬስደን ቆይቶ ሲመለስ ወፍራም ካፖርትና አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ካፖርቱ ለአዲስ አበባ ክረምት እንኳ ከበደና ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ፤ ካሴቱ ግን እኔ እጅ ገባ። ከምዕራብ ጀርመን ሬዲዮ የተቀዳ ስለነበር በዘፈኖቹ መሐል የአስተዋዋቂው ድምፅ ብቅ ብሎ ይቆረጣል፤ በእርሳስ የተጻፈው የባንዱ ስምም ግማሹ ተፍቆ ነበር። እናቴ ከማድ ቤት ሆና አንድ ጊዜ ሰማችና «ይኼ ልጅ ወፍጮ ቤት ገብቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለች። ቀልድ መስሏችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የሙዚቃ ተቺዎች ስለ ሲንት-ፖፕ፣ ማለትም በሲንተሳይዘር ስለሚሠራው ፖፕ ሙዚቃ፣ ለዓመታት የጻፉት ሲጨመቅ የእናቴን አንድ ዓረፍተ ነገር ያህላል። ዴፔሽ ሞድ ማርች 7 ቀን 1988 ምሥራቅ በርሊን ውስጥ፣ የምሥራቅ ጀርመን የወጣቶች ድርጅት በዓል በሚከበርበት ዕለት ተጫውቷል። አጎቴ ትኬት አላገኘም፤ ይህንንም ዛሬ ድረስ እንደ በደል ያነሣዋል።

እንግዲህ አንደኛው ነጥብ፣ መሣሪያው።

ሲንተሳይዘር ድምፅን ከኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል። ከሞገዶቹ አንዱ ቅርጹ እንደ መጋዝ ጥርስ ስለሆነ በዚያው ስም ይጠራል፤ ብቻውን ሲሰማ ሻካራ ነው፣ ይነዝራል። ተጫዋቹ ከላይ ያለውን ሹል ድምፅ በማጣሪያ እየከደነና እየከፈተ፣ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደሚሆነው ያደርገዋል። ሰው «ሕይወት የለውም» የሚለው ይህን ነዝናዛ ድምፅ ነው። ታዲያ በገናስ? ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን በገና የሚደረድሩ አንድ አባት ነበሩ። አንድ የጾም ቀን ሲቃኙ አጠገባቸው ተቀምጬ ክሮቹ የሚነዝሩት ተበላሽተው መስሎኝ፣ ከአንዱ ክር ሥር ያለችውን ቁራጭ ቆዳ በጣቴ ገፋ አደረግኋት። ክሩ ወዲያው ጠርቶ ጮኸ። እርሳቸው እጄን ያዝ አድርገው ቆዳዋን ወደ ቦታዋ መለሷትና «ልጄ፣ ይቺ እንዚራ ትባላለች፤ እርሷን ካነሣህ ክራር ነው የሚሆንብህ» አሉኝ። አሥሩም ክር ከበርኩማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደዚያች ያለች ቆዳ ተቀምጣ፣ ድምፁ እንዳይጠራ ሆን ተብሎ ተደርጓል። ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ንስሐ የምንዘምርበት መሣሪያችን እንዲነዝር ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ሜሜንቶ ሞሪ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደምጥ፣ የመጀመሪያው ዘፈን በሚያንኮራኩር ድምፅ ሲከፈት፣ የታወሱኝ እኒያ አባት ነበሩ። ሁለቱ ሙዚቃዎች ዝምድና አላቸው እያልኩ አይደለም፤ ጆሮዬ የተዘጋጀው በዚያ ነበር ማለቴ ነው።

የባንዱ ልጆች ከለንደን በስተምሥራቅ ካለችው ከባዝልደን ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሠራተኛው ሕዝብ በአዲስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ማርቲን ጎር ባንክ፣ አንዲ ፍሌቸር ደግሞ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሲንተሳይዘር ቀላል ነው፣ ብብት ሥር ይያዛል፣ ባቡር ላይ ይጫናል፤ ከበሮ መቺም አያስፈልግም፣ ምቱ በቴፕ ተቀድቶ መድረክ ላይ ይከፈታል። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1981 ሲወጣ አብዛኛውን የጻፈው ቪንስ ክላርክ ወዲያው ጥሏቸው ሄደ፤ ጎር የደራሲነቱን ቦታ ያዘ፣ አለን ዋይልደርም ተቀላቀለ። በ1983 ብረት በብረት እየመቱ፣ የሚሰሙትን ሁሉ እየቀዱ በኪቦርድ ቁልፍ ላይ አሰፈሩት፤ ያንንም አልበም ያቀናበሩት እዚሁ በርሊን፣ ያኔ ግንቡ ሥር በነበረው ሐንዛ ስቱዲዮ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ካላችሁ ሕንፃው አሁንም እንደቆመ ታውቃላችሁ።

ከዚያ ያለውን ዘመን ባጭሩ ልለፈው፤ ሌላ ሰው በደንብ ይተርከዋል። ታላቁ ዝናቸው የመጣው በ1990ው «ቫዮሌተር» በተሰኘው አልበም ነው። ዋይልደር በ1995 ለቀቀ። ድምፃዊው ዴቭ ጋሃን በ1996 በዕፅ ምክንያት ልቡ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆማ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለወሬ አይደለም፤ ይህ ሰው በ2023 ስለ ሞት ሲዘፍን ከመጽሐፍ ያገኘውን እንደማይናገር እንድታውቁልኝ ነው።

እና የመሣሪያው ነገር እዚህ ላይ ይደርሳል። የድራም ማሺኑ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የሚመታላቸውን ፍጥነት በስድሳ ዓመታቸውም ሳያዛንፍ ይመታል። እንደ ሌሎች ባንዶች ከበሮ መቺው አብሯቸው አላረጀም። ስለዚህ በድሮ አልበማቸውና በዚህኛው መካከል ያለው ርቀት በሙሉ በአንድ ነገር ላይ፣ በጋሃን ጉሮሮ ላይ ይወድቃል። ያ ቀጭን የልጅ ድምፅ ወፍሯል፣ ወርዷል፣ በአንዳንድ ቃል ላይ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ያለው ምት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል። የሚያሳዝነኝም የሚያስደስተኝም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የሌለው ሰው።

አንዲ ፍሌቸር ሜይ 26 ቀን 2022 በ60 ዓመቱ ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ሥር ተቀዶበት በድንገት አረፈ። አብዛኞቹ ዘፈኖች ያኔ ተጽፈው ነበር፤ የአልበሙ ስምም ከመሞቱ በፊት የተመረጠ ነው። እባካችሁ ይህን አስተውሉልኝ፤ ብዙ ሰው አልበሙ ለፍሌቸር የተጻፈ ሙሾ ይመስለዋል፣ አይደለም። ማርቲን ጎር በወረርሽኙ ወቅት ስድሳኛ ዓመቱ ሲቀርብ ተቀምጦ ስለ ሞት ጻፈ፤ ሞት ደግሞ ዘፈኖቹ ሳይቀረጹ መጣ።

ፍሌቸር ምን ይጫወት ነበር? ዘፈን አልጻፈም፤ መድረክ ላይ ከኪቦርድ ኋላ ይቆማል፣ ያጨበጭባል፣ እጁን ያነሣል። ስለ ባንዱ በ1989 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ እርሱ ራሱ የሥራ ክፍፍሉን ሲያስረዳ ማርቲን ደራሲው፣ አለን ሙዚቀኛው፣ ዴቭ ድምፃዊው እንደሆኑ ተናግሮ፣ እርሱ ግን እንዲያው ወዲያ ወዲህ እንደሚል ገልጿል። ሰው ለዓመታት ሳቀበት። «ታዲያ ይህ ሰውዬ ምን ይሠራል?» ተባለ። እኔም ብያለሁ።

ይህን ያልኩት እኔ ደግሞ ስለ ማንም ሰው እንዲህ ለማለት መብት የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አራት ሆነን ባንድ ነበረን። እኔ ኪቦርድ፣ አንዱ ጊታር፣ አንዷ ድምፃዊት፣ አራተኛው ደግሞ... አራተኛው ታምቡሪን ይይዝ ነበር። ምት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ታምቡሪኑን በጨርቅ አፍነንበት ነበር፣ እርሱም ያውቃል፣ አይቀየምም። ገመዶቹን ይጠቀልላል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ድምፃዊቷን ከቤቷ ይዞ ይመጣል፣ ጊታሪስታችን ሲያኮርፍ ሻይ ይጋብዘዋል። አንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ከአንድ ሆቴል የተቀበልነውን ገንዘብ ስንካፈል «ለምን አራት ቦታ?» የሚል ሐሳብ መጣ። ከማን እንደመጣ ዛሬ አልደብቃችሁም፤ ከእኔ ነው። ልጁ ምንም አላለም፤ ታምቡሪኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በወሩ ሠርግ ላይ ነበርን። የትኛው ማከፋፈያ እንደሚያቃጥል የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበርና የኪቦርዴ አዳፕተር ሙሽሮቹ ሲገቡ ጨሰ። ድምፃዊቷና ጊታሪስቱ በየትኛው ዘፈን እንደሚጀመር ማይክ ሳይዘጋ ተጣሉ፤ የሠርጉ ታዳሚ በሙሉ ሰማ። እስከ ፋሲካ ባንዱ አልነበረም። ሦስታችን ለካ እርስ በርስ ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ ሁላችንም የምንነጋገረው ከእርሱ ጋር ነበር።

ፍሌቸርም የባንዱን የንግድ ጉዳይ ይመራ ነበር፣ በጎርና በጋሃን መካከል ይቆም ነበር። እርሱ ሲሞት ሁለቱ ለአርባ ዓመት ያልለመዱትን ነገር መልመድ ነበረባቸው፤ በቀጥታ መነጋገር። ይህንን ሁለቱም በየቃለ ምልልሳቸው አልሸሸጉም። አሁን «ጎስትስ አጌን» የተሰኘውን የአልበሙን የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈን ቪዲዮ ያየ ማን አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ... ሁለት፣ ሦስት። ጥሩ። ከ1986 ጀምሮ ከእነርሱ ጋር የሠራው ሆላንዳዊው አንቶን ኮርባይን በጥቁርና ነጭ ያነሣው ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቼዝ ይጫወታሉ። የስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን የ1957 ፊልም ላይ ፈረሰኛው ከሞት ጋር የሚጫወተው ቼዝ ነው የተወረሰው። ተቺዎቹ ሁሉ ስለ ሞት ተነተኑት። እኔ ግን ሳየው የታየኝ ሌላ ነው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በመካከላቸው ማንም የለም።

ከዚያ በኋላ በጁላይ 2023 እዚሁ ኦሊምፒክ ስታዲየም ሲመጡ ሄጃለሁ። ለፍሌቸር መታሰቢያ ከ«ቫዮሌተር» አንድ ዘፈን ሲዘፍኑ ምስሉ በግዙፍ ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ከጎኔ የነበረ፣ ፀጉሩ የሸበተ ጀርመናዊ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ያንን የታምቡሪን ልጅ አሰብኩ። ስልኩን አፈላልጌ ደውዬለታለሁ፤ የተነጋገርነው ግን የዛሬው ንግግር ርዕስ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ዘፈኖቹ። ጊዜ እየሄደብን ስለሆነ የሚበልጡብኝን ብቻ አነሳለሁ።

አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው ከእነርሱ ጋር በ2017ም የሠራው ጄምስ ፎርድ ነው፤ ጣሊያናዊቷ ማርታ ሳሎኒ ደግሞ በቀረጻውና በድምፅ ቅንብሩ ላይ ትልቅ ድርሻ አላት። የሁለቱ ብልሃት ባዶ ቦታ መተዋቸው ነው። የዚህ ባንድ የቀድሞ ሥራዎች ድምፅ በድምፅ ላይ የተደራረበባቸው ናቸው፤ እዚህ ግን አንድ የባስ መስመር፣ አንድ ምት፣ አንድ ድምፅ ብቻ የሚቀሩበት ብዙ ቦታ አለ። ቡና ሲቀዳ ሲኒው እስከ አፉ እንደማይሞላው ነው።

የመክፈቻውን ዘፈን፣ «ማይ ኮስሞስ ኢዝ ማይን»ን ጎር የጻፈው ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ሰሞን ነው። ሰውየው በሩን ዘግቶ ዓለሜን አትንኩብኝ ይላል። መሐሉ ላይ ግን ዜማው ይቆምና የማይፈልጋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ጦርነት፣ ሥቃይ፣ መገነዣ፣ የመጨረሻ ትንፋሽ። ሁሉንም «የለም፣ የለም» እያለ ይክዳቸዋል። ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ አየሩ ሁኔታ ሲያወራ አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው፤ በካደ ቁጥር ይበልጥ ይታያል።

«ጎስትስ አጌን» የዚህ ተቃራኒ ነው። «እንደገና መናፍስት እንሆናለን» የሚል ዘፈን ምቱ ቀላል፣ ዜማው ብሩህ ነው፤ መኪና ውስጥ ልጆቼ አብረውት ያዜሙታል። ጎር ይህንንና ሌሎች ሦስት ዘፈኖችን ከባንዱ ውጪ ካለው ሪቻርድ በትለር ጋር ነው የጻፈው፤ በትለርም የእርሱ ዘመን ሰው፣ ሳይኬዴሊክ ፈርስ የተባለው ባንድ ድምፃዊ ነው። ሰው በስድሳ ዓመቱ «ብቻዬን አልጽፍም፣ እርዳኝ» ማለት መቻሉን ከብስለት እቆጥረዋለሁ። «ሶል ዊዝ ሚ»ን ጎር ራሱ ይዘፍነዋል፤ ጓዙን ሸክፎ፣ ነፍሱን ይዞ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ዘፈን ነው፣ የሚገርመው ግን ምንም ቸኩሎ አለመሄዱ ነው።

ሁሉንም ወድጄዋለሁ አልልም። «ካሮላይንስ መንኪ» ለእኔ የአልበሙ ደካማው ዘፈን ነው፤ ምሳሌው ከዜማው ይከብዳል። «ፒፕል አር ጉድ»ም የጀርመኖቹን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ የክራፍትወርክን ፈለግ እጅግ በግልጽ ይከተላል፤ ግጥሙ ግን ያድነዋል። በ1984 ሰው ለምን ሰውን ይጠላል ብሎ በየዋህነት የጠየቀው ያው ደራሲ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ «ሰዎች ጥሩ ናቸው» እያለ ራሱን ይሸነግላል፣ እየሸነገለ መሆኑንም ያውቃል። የመሐሉ ክፍል ትንሽ ይረዝማል ለሚሉኝ ደግሞ አልከራከርም።

የመጨረሻው ዘፈን «ስፒክ ቱ ሚ» ይባላል፤ ሐሳቡ የጋሃን ነው። ዝግ ያለ፣ ጸሎት የሚመስል ነው። ሰውየው ወድቋል፣ አንድ ሰው እንዲያናግረው ይለምናል፤ ማንን እንደሚለምን አይናገርም። እግዚአብሔርን ነው? የሞተ ወዳጁን ነው? መድረክ ላይ ማዶ የቆመውን ጎርን ነው? እኔ እንደየዕለቱ ይለያይብኛል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ያቆምና ማሽኖቹ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ቀስ እያሉ ይጮኻሉ፣ ይነዝራሉ፣ አልበሙ በተከፈተበት ዓይነት ድምፅ ይዘጋሉ። ሰውየው ሄዷል፤ መሣሪያው ቀርቷል።

አሁን እርሱን እናደምጣለን። ወንድሜ፣ መብራቱን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ፤ ስልኮቻችሁንም እባካችሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ መጨረሻው ላይ የሚሰማው ነዝናዛ ድምፅ የድምፅ ማጉያው ብልሽት አይደለምና ማንም ገመዱን ለመንካት እንዳይነሣ።